ማይኩ የማይዘጋው አባል

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበላችሁ። ይሄ የደረሰው በኔ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ከሌላ ቻናል የቀዳሁትም አይደለም። "ድርሰት ነው" ብላችሁ ኮሜንት ላይ ልትዘባበቱ ያሰባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተዘባበቱ። እኔም በሰው ታሪክ ላይ ስዘባበት ነው የኖርኩት።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ቦታው የምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት። ፀሐይዋ በሩ ላይ፣ ሰዉ በመንገዱ ላይ ሞልቶ።

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ማነው?

እኔ የአንድ ግሩፕ አድሚን ነኝ። ነበርኩ ልበል። የግሩፑ ስም "ሐሳብ በነፃ" ነው። ስሙ ያማረ ነው፣ ውስጡ ግን ስድብ ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ምሳ ተበልቶ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ የድምፅ ክፍል እንከፍትና ያገኘነውን ሁሉ እናብጠለጥላለን። ከንቲባውን፣ የመብራት መጥፋቱን፣ የጎረቤትን ውሻ፣ አማት አንድ ቤት ትኑር አትኑር ... የማናውቀው ነገር የለም። ሁሉም በሁሉም ላይ አስተያየት አለው።

የኔ ስም እዚያ "መጋዝ" ነው። ምላሴን አይተው ያወጡልኝ እነሱ ናቸው።

ሌላኛውን አድሚን "ፕሬዚዳንቱ" እንለዋለን። መኪና መንዳት ያስተምራል። ተማሪው መሪ ይዞ እየተንቀጠቀጠ እሱ ጎኑ ቁጭ ብሎ ፖለቲካ ይተነትናል። በአካል ተያይተን አናውቅም። ግን ልክ አብሮ እንዳደገ ሰው እንጠላላለን።

ግሩፑ አንድ ልማድ አለው። ክርክር ሲከር አንዱ "የክፍሉ ሐሳብ?" ይላል። የተስማማ ሰው የእጅ ምልክቷን ይጫናል፣ ስሙ አጠገብ ትንሽ እጅ ትወጣለች። ከግማሽ በላይ እጅ ከወጣ ከሁለታችን አንዳችን "ጸደቀ" እንላለን። በቃ፣ ያ ነገር ሕግ ሆነ ማለት ነው። ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ... ጸደቀ። ከንቲባው ይውረድ ... ጸደቀ። ጥርሶ ፀጉሩን ይላጭ ... ጸደቀ። ተላጭቶ ፎቶ ላከልን።

ጥርሶ የምንለው ሁሌ ስለሚስቅ ነው። የሚያስቅም የማያስቅም ያስቀዋል።

ታዲያ አንድ ሰሞን፣ መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሱቆች ይፍረሱ አይፍረሱ በሚል ክርክር ግሩፑ ለሁለት ተከፈለ። ፕሬዚዳንቱ ይፍረሱ፣ እኔ አይፍረሱ። እሱ እጅ ለማብዛት የመጣለትን ሁሉ ወደ ግሩፑ ማስገባት ጀመረ። እኔም እልህ ያዘኝ። "ልግባ" ብሎ የጠየቀውን ሁሉ ማን እንደሆነ ሳላይ አስገባ፣ አስገባ፣ አስገባ ...

የምፈልገው እጅ እንጂ ሰው አልነበረም።

ከገቡት አንዱ ስም አልነበረውም። ፎቶም የለው። ግራጫ ክብ ብቻ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ ግራጫው ክብ ክፍሉ ውስጥ ገባ። ማይኩን ከፈተ። ምንም አልተናገረም።

ከማይኩ የሚሰማው ቤት ነው። ፀጥ ያለ ቤት። ከሩቅ ጠብ ... ጠብ ... የሚል ቧንቧ።

"ወንድሜ፣ ማይክህን ዝጋው እስቲ" አለች ፋርማሲስቷ። ከሁላችንም አፏ የተገራው የሷ ነው።

"ደንቆሮ ነው እንዴ ሰውዬው?" አልኩ እኔ።

"ያስገባሽው አንቺ" አለ ፕሬዚዳንቱ። "የሱቅ ጠበቆችሽ ማይክ መዝጋት እንኳን አያውቁም።"

ደሜ ፈላ። አድሚን ስለሆንኩ የማንንም ማይክ መዝጋት እችላለሁ። ዘጋሁት።

ተከፈተ።

እንደገና ዘጋሁት። እንደገና ተከፈተ።

ጥርሶ ሳቁን ለቀቀው። "ተዉት በናታችሁ፣ የሬዲዮ ድራማ ነው። በኔ አስተያየት ቧንቧውን ይዝጋው።"

"የክፍሉ ሐሳብ?" አለ አንዱ ለቀልድ።

እጆች ተንጋጉ። "ጸደቀ" አለ ፕሬዚዳንቱ።

ጠብ ... ጠብ ...

ከዚያ የእግር ድምፅ መጣ። ቀስ ያለ፣ በካልሲ ብቻ የሚሄድ ሰው ዓይነት። ከዚያ የቧንቧ መክፈቻ ሲጠመዘዝ ተሰማ። ጠብታው ቆመ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ።

ማታ ቤቴ ስገባ የወጥ ቤታችን ቧንቧ አይንጠባጠብም። ስንት ጊዜ አሠርቼው እምቢ ያለ ቧንቧ ነው። አስታማሚዋ ሰው ጠርታ አሠርታው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

አስታማሚዋ የእማዬ ናት። እማዬን ስትሮክ ከመታት ከርሟል። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ አንደበቷም ተይዟል። የቀራት ግራ እጇ ነው። በዚያ እጇ ማንኪያ ትይዛለች። የአልጋውን ብረት አንዴ ከመታች ውሃ ማለት ነው። ደጋግማ ከመታች አገላብጡኝ። ማንኪያውን ብረቱ ላይ እየጎተተች ካፋጨችው ተናዳለች ማለት ነው። ይሄን ቁጣ ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባችሁ።

አስታማሚዋ ጠዋት መጥታ፣ ምሳዋን አብልታት ትሄዳለች። ከዚያ በኋላ እኔ ከሥራ እስክመለስ እማዬ ብቻዋን ናት። አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። በዚህ ዓለም ያለችኝ እሷ ናት። ሌላ ሰው የለኝም።

በሚቀጥለው ቀን የሱቁን ነገር ያነሳ አልነበረም። ሁሉም "ሬዲዮውን" ነው የጠበቀው። ግራጫው ክብ ገባ። ማይኩ ተከፈተ።

"በኔ አስተያየት መጋረጃውን ይዝጋ" አለ አንዱ።

ጸደቀ። የመጋረጃ ቀለበቶች በብረት ላይ ሲንሸራተቱ ሰማን።

"ወንበር ስቦ ቁጭ ይበል፣ ቆሞ ደከመው" አለ ጥርሶ።

ጸደቀ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የሆነ ነገር ሲቀመጥ ሲጥጥ አለ።

"ታዛዥ ነው ልጁ" አለ ፕሬዚዳንቱ። "ካስገባሻቸው ሁሉ እሱ ይሻላል።"

ማታ ቤቴ ስገባ ጨለማ ነው። መጋረጃው ተዘግቷል። የምግብ ጠረጴዛችን ወንበር እማዬ አልጋ ጎን ቆሟል።

እማዬ አልተኛችም። ዓይኗን ከወንበሩ ላይ አትነቅልም።

"ማነው የዘጋው?" አልኳት። ማንኪያዋን አላነሳችም። ወደኔም አልዞረችም።

አስታማሚዋ ጋ ደወልኩ። "እኔ ስወጣ መጋረጃው ክፍት ነበር እህቴ" አለችኝ። አላመንኳትም። ቆጣ ብዬ ዘጋሁባት። ሰው ውሸታም ነው ብሎ ማሰብ ለኔ ቀላሉ ነገር ነው።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

ስምንት ሰዓት። አንዲት ሴትዮ መታወቂያ ፊትና ጀርባ ኮፒ ልታደርግ ቆማለች። በአንድ ጆሮዬ ኤርፎን አለ። ክፍሉ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ እየተሳደበ ነው። የግራጫው ክብ ማይክ ክፍት ነው፣ ከውስጡ የሚሰማው ፀጥታ ነው።

ከዚያ ... ቀጭ።

ብረት ላይ። አንዴ።

እጄ ማሽኑ ክዳን ላይ ቀረ።

ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ሲንቆረቆር ተሰማ። ከዚያ ሰው ሲጠጣ። እማዬ ስትጠጣ የምታሰማው ድምፅ አለ፣ ከንፈሯ በአንድ ጎን ስለማይገጥም። ያን ድምፅ ከሺህ ሰው መካከል እለየዋለሁ።

"እዚያ ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?" አለች ፋርማሲስቷ።

"አሮጊት ነገር ናት መሰለኝ" አለ ጥርሶ።

ሴትዮዋን ከነመታወቂያዋ ትቻት ወጣሁ። እየሮጥኩ ግራጫውን ክብ ከግሩፑ አስወጣሁት። ጠፋ። ወዲያው ተመልሶ መጣ።

"መለስኩት" አለ ፕሬዚዳንቱ። "ያንቺ እጅ ሆኖ ሲመጣ እሰየው፣ መዝናኛችን ሲሆን ማባረር? ዲሞክራሲሽ ይሄ ነው?"

"አንተ የማትረባ፣ አስወጣው" አልኩ። ትንፋሽ አጥሮኛል። "እሱ ያለው እኔ ቤት ነው።"

ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። "መጋዝ ድራማ ውስጥ ገባች።"

ቤቴ ከሱቁ ብዙ አይርቅም። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። በጆሮዬ ማንኪያው ደጋግሞ መታ። አገላብጡኝ። ማንም አላገላበጣትም። ማንኪያው ብረቱን ማፋጨት ጀመረ። ረጅም፣ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ።

"ኡ፣ ጆሮዬን በላችው" አለ አንዱ። "በኔ አስተያየት ያን ነገር ይቀማት።"

"የክፍሉ ሐሳብ?"

እጆች ወጡ። የኔን "አይሆንም" ማንም አልሰማውም። "ጸደቀ" አለ ፕሬዚዳንቱ፣ የሰለቸው ሰው ድምፅ አለው።

ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ።

ከዚያ እማዬ አጉረመረመች። ቃል የለውም። ቃል የማይወጣላት ሰው የምትጮኸው ጩኸት ነው።

"አሁንም ልትረብሸን ነው" አለ ጥርሶ እየሳቀ። "ትራሱን ፊቷ ላይ ያድርግላትና ሬዲዮው ይጥራ። የክፍሉ ሐሳብ?"

መንገድ መሃል ቆምኩ። ስልኬን አየሁት። እጆች እየወጡ ነው። አንድ ... አንድ ... አንድ ... ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም። ሥራ ቦታቸው ተቀምጠው፣ በአንድ እጃቸው ሌላ ነገር እየሠሩ፣ በአውራ ጣታቸው እየነኩ ነው።

"እናቴ ናት" አልኩ። "ስሙኝ፣ እናቴ ናት። አልጋ ላይ ናት። አትናገርም።"

"አንቺ ለማን እናት አዝነሽ ታውቂያለሽ?" አለኝ አንዱ። ማን እንደሆነ አላወቅኩትም። እጁ ግን ወጣ።

ወደ ግማሽ ተጠጋ።

"ፕሬዚዳንቱ" አልኩ። "እባክህ።"

ይቺን ቃል ከኔ ሰምቷት አያውቅም። በሱ ማይክ የመኪናው ፍሬቻ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለተማሪው "ዳር ያዝና አቁም" አለው።

"እውነትሽን ነው?"

"እማዬ ትሙት።"

"እሺ" አለ። "ያ ሐሳብ ተሰርዟል። ጥርሶ አፍህን ዝጋ። አዲስ ሐሳብ ... ያ ሰው ከዚያ ቤት ይውጣ። የክፍሉ ሐሳብ?"

የመጀመሪያዋ እጅ የፋርማሲስቷ ነበረች። ከዚያ ቀስ በቀስ ሌሎቹም መጡ። ቀስ ማለታቸው ሊገድለኝ ነበር።

"ጸደቀ።"

በዚያች ቅጽበት የኛ ሕንፃ መግቢያ ላይ ደርሻለሁ። በኤርፎኑ የቤታችን በር ሲከፈት ሰማሁ። ታችኛው ማጠፊያው ስለሚጮህ አይጠፋኝም። ከዚያ በካልሲ የሚሄደው እግር ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

እኔ እየወጣሁ ነው። እሱ እየወረደ ነው።

በማይኩ ውስጥ የሚያለከልክ ሰው ከሩቅ ተሰማኝ። ከታች በኩል።

እኔ ነኝ።

ወደ ላይ ስወጣ ትንፋሼ በጆሮዬ እየቀረበ መጣ። የጫማዬ ድምፅም አብሮ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ደረጃው ባዶ ነው። ከላይ እስከ ታች ፀሐይ ነው፣ ሰው የለም። መደገፊያው ብረት ብቻ ሰው ይዞት እንደሚወርድ ይርገበገባል።

ከዚያ የራሴን ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ሰማሁት። ልክ አፍንጫዬ ላይ ማይክ የተደቀነ ያህል።

ቆመ።

ትንሽ ቆየ ...

ከዚያ አለፈኝ። ትንፋሼ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ የመንገድ ጫጫታ ዋጠው።

እማዬ በሕይወት ነበረች። ማንኪያው አልጋው ሥር ወድቋል። ትራሷ ከራስጌዋ ወጥቶ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። በግራ እጇ ልብሴን ያዘችና እስኪመሽ አልለቀቀችኝም። እኔም አለቀስኩ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

በማግስቱ ሥራ አልሄድኩም። እማዬ ጎን ተቀምጬ ስምንት ሰዓት ላይ ክፍሉን ከፈትኩ። ያሰብኩት ፕሬዚዳንቱን ላመሰግነውና ግሩፑን ልዘጋው ነበር።

ግራጫው ክብ ከሁሉም ቀድሞ ገብቷል። ማይኩ ክፍት ነው።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ ፕሬዚዳንቱ።

ድምፁ ሁለት ጊዜ መጣ። አንዴ ከሱ ማይክ። አንዴ ከግራጫው ክብ።

"ማነው የሚደግመኝ?" አለ። ያም ሁለት ጊዜ መጣ።

"የት ነህ?" አልኩት።

"መኪናው ውስጥ። ተማሪዬ ቀረብኝ፣ ብቻዬን ነኝ።" ሹክሹክታ ጀመረ። "መጋዝ ... የኋላ ወንበር ሲጥጥ አለ።"

"ዞር አትበል።"

"በስፖኪዮ እያየሁት ነው። ማንም የለም ..." ምራቁን ሲውጥ በሁለቱም ማይክ ተሰማ። "ቀበቶው ግን ታስሯል። እኔ አላሰርኩትም።"

"ውረድና ሩጥ" አለችው ፋርማሲስቷ።

"በሩ አይከፈትም። በሉ እንጂ ... ይውጣ በሉ። የክፍሉ ሐሳብ?"

የኔን እጅ አወጣሁ። ጠበቅኩ። ሌላ እጅ አልወጣም።

ገብቷቸዋል። ከኔ ቤት ሲወጣ ወደሱ ነው የሄደው። ከሱ ሲወጣ ደግሞ ወደ አንዳቸው ይሄዳል።

"እኔ ልጆች አሉኝ" አለ ጥርሶ። እየሳቀ አልነበረም።

"እኔም አባቴ ታማሚ ነው" አለ ሌላው።

ከዚያ ከመካከላቸው አንዱ፣ በጣም በረጋ ድምፅ፣ ስለ ሻይና ስኳር እንደሚያወራ ሰው፣ "በኔ አስተያየት ባለበት ይቆይ" አለ። "የክፍሉ ሐሳብ?"

እጆች ወጡ። ትናንት ከወጡት በፍጥነት ወጡ። ፋርማሲስቷ ዘግይታ አወጣች፣ ግን አወጣች።

ከግማሽ አለፈ።

ሕግ እንዲሆን አንድ ቃል ነው የቀረው። ያቺን ቃል የሚለው አድሚን ነው። አንዱ አድሚን መኪና ውስጥ ታግቶ እያለቀሰ ነው። ሌላዋ እኔ ነኝ። እማዬን አየኋት። ትራሷ ላይ ተኝታለች። ያለ ፕሬዚዳንቱ ዛሬ አትኖርም ነበር።

"ያ ሐሳብ ወድቋል" አልኩ። "ይውጣ የሚለው ... ጸደቀ።"

"ሌባ" አለኝ አንዱ። "ድምፅ ሰረቅሽ። ቁጥሩን ሁላችንም እያየነው ነው።"

"እናንተ ፈሪዎች፣ ጸደቀ ብያለሁ።"

በግራጫው ክብ ማይክ ቀበቶ ሲፈታ ተሰማ። የመኪና በር ተከፈተ። ፕሬዚዳንቱ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ እንደገና ሲሮጥ በራሱ ማይክ ሰማነው። ከዚያ ስሙ ከክፍሉ ጠፋ።

የቀረው የካልሲው እግር ነው። አስፋልት ላይ። ከዚያ አሸዋ ላይ። ከዚያ ሲሚንቶ ደረጃ ላይ።

ሁሉም የራሱን በር ነው የሚያዳምጠው።

ቆመ። አንኳኳ።

"ማነው?" አለች አንዲት ትንሽ ልጅ።

"የማን ልጅ ናት?" አለ ጥርሶ። "እባካችሁ የማን ልጅ ናት?"

"የኔ ናት" ያለ የለም። ድምፁ ጥርት ያለ አይደለም፣ የየትኛዋም ልጅ ሊሆን ይችላል። በሩ ሲከፈት ሰማን።

ስሞቹ ከክፍሉ መጥፋት ጀመሩ። ጥርሶ ጠፋ። ፋርማሲስቷ ጠፋች። ልጅ ያለው ሁሉ፣ የእህት ልጅ ያለው ሁሉ፣ የጎረቤት ልጅ ያለው ሁሉ ወደ ቤቱ እየሮጠ ነበር። በመጨረሻ ክፍሉ ውስጥ እኔና ግራጫው ክብ ብቻ ቀረን።

"ቁጭ በል" አለችው ልጅቷ። "እማ ሱቅ ሄዳ ነው፣ አሁን ትመጣለች።"

ወንበር ሲጎተት ተሰማ።

ከዚያ ማንም ምንም ሐሳብ ሳያቀርብ፣ ግራጫው ክብ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን እጅ አወጣ።